ለጫጩት የተከራየ ፎቅ

ባሕር ዳር፣ መስከረም 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለሔራን፤

የጣና ገዳማት ጸሎት ከነባልሽ ከነልጅሽ ይጠብቅሽ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል።

ጽሕፈቴን የማታውቂው ከሆነ አትደንግጪ። የእናትሽ የአገርነሽ የአክስት ልጅ እናትዓለም ነኝ። ፔዳ ኮሌጅ ተማሪ ሳለሽ እሑድ እሑድ እየመጣሽ ልብስሽን እኔ ግቢ ታጥቢ ነበር። ኢንተርኔቱ ከጠፋ ወዲህ ስልኬ ሰዓት ማያ ሆኗልና እንደ ድሮው በመንገደኛ እጅ መጻፍ ጀመርሁ። አድራሻሽን ከእናትሽ ወሰድሁ።

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከፔዳ ወዲያ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ላይ ፎቅ ጀምሮ ነበር። ምድሩና አንደኛው ፎቅ ቆሞ ሳለ እሱ ሄደ። መስኮቱ ቆርቆሮ፣ ደረጃው መደገፊያ የሌለው፣ ግድግዳው ያልተለሰነ። ከኮሌጁ ንብረት ክፍል ጡረታ ስወጣ ሰው የሚከራየው ቤት አልሆነምና የአንድ ቀን ጫጩት አስገባሁበት። ከፍ ሲሉልኝ ለመራዊና ለዱርቤቴ ገበሬ እሸጣለሁ። ሰፈሩ «እናትዓለም ፎቅ ሠርታ ለዶሮ አከራየች» እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ።

ያስለቀሰኝ ሌላ ነው። የእኛ ጫጩቶች ከእንቁላል የወጡት በማሽን ነው፤ ክንፍ የምትዘረጋላቸው እናት የለቻቸውም። እናታቸው አምፖል ነው። በነሐሴ፣ ዝናቡ ሳያባራ፣ መብራት ሄደ። ከሰል አቀጣጥዬ ባስገባ ጭሱ አፈናቸው፤ ባወጣው ብርዱ ያዛቸው። ሙቀት ፍለጋ አንዱ ባንዱ ላይ እየወጣ ከሥር ያሉት ታፍነው አለቁ። ያን ሁሉ ነፍስ በአካፋ አወጣሁ።

ለመለመን የጻፍሁ እንዳይመስልሽ አልልሽም፤ ለመለመን ነው የጻፍሁት። ያገለገለም ቢሆን ጄኔሬተር የሚገኝ ከሆነ አስቢልኝ። ካልሆነም አልቀየምሽም። ልጅሽን ሳሚልኝ።

እናትዓለም


ኖርዌይ፣ ኅዳር 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ እናትዓለም፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? የጉልበትዎ ነገርስ? ደብዳቤዎ በሦስት ሰው እጅ አልፎ ደረሰኝ። ያ የልብስ ማጠቢያ ገንዳዎ፣ ከጎኑ የነበረው የማንጎ ዛፍ፣ ሁሉም ትዝ አለኝ። ስለ ጫጩቶቹ የጻፉትን ደግሜ አነበብኩት።

እኛ ደኅና ነን። ባለቤቴ ይትባረክ ከባድ መኪና ይነዳል፤ ከወጣ አንዳንዴ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ልጃችን ዜማ ትምህርት ቤት ገባች። ባለፈው ዓመት ቤት ገዝተናል። ከትልቅ ሐይቅ በላይ፣ ኮረብታ ላይ ያለ የእንጨት ቤት ነው፤ ምድር ቤት፣ መካከለኛ ቤት፣ ከጣራው ሥር ደግሞ መኝታ ቤቶች፣ ባለ ሦስት ወለል። ምንም አልጎደለንም።

ስለ ጄኔሬተሩ ከይትባረክ ጋር እመካከራለሁ። እስከዚያው ግን፣ ከጠቀመዎት፣ እኛ በምን እንደምንሞቅ ልንገርዎት። በመብራት የሚሞቅ ቤት እዚህም ውድ ነው። ስለዚህ ምድር ቤቱ ውስጥ የብረት ምድጃ አለን። እሳቱ የሚነደው ተዘግቶ ነው፤ ጭሱ በቧንቧ ከጣራ በላይ ይወጣል እንጂ ወደ ቤት አይመለስም። ከፊቱ ትንሽ የአየር መግቢያ አለችው፤ እሷን ጠበብ ሲያደርጓት አንድ ጉማጅ እንጨት ለረጅም ሰዓት ይቆያል። እንጨቱ ብቻ በደንብ የደረቀ ይሁን። እርጥብ ከሆነ ያለቅሳል እንጂ አይነድም።

ይህን የምጽፍልዎት ከምድጃው አጠገብ ተቀምጬ ነው። ዜማ ካፖርቷን እንደለበሰች እግሬ ሥር ተኝታለች። ሁለታችንም እጅ እንነሣለን።

ልጅዎ ሔራን


ባሕር ዳር፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሔራን፤

ሰላምሽ ይብዛ፤ ይትባረክን መንገዱን ያቅናለት።

ጄኔሬተሩን ተይው። ነዳጅ ለማግኘት ሰው ከነጀሪካኑ ሰልፍ ላይ እያደረ ባለበት ጊዜ ጄኔሬተር ማለት ሌላ የሚራብ አፍ ነው። ምድጃሽን ግን ወደድሁት። እንዳነበብሁ ነጠላዬን ጣል አድርጌ ብየዳ ቤት ወዳለው ወደ አዘዘ ሄድሁ።

«አዘዘ፣ ከነዳጅ በርሜል የሚዘጋ ምድጃ ሥራልኝ» አልሁት።

«ለዳቦ ቤት ነው?»

«ለጫጩት።»

የብየዳ መነጽሩን አወለቀና አየኝ። «እትዬ፣ በርሜል ሙሉ እሳት ለጫጩት? ጥብስ አምሮዎት እንደሆነ በደህና ቀን ይንገሩኝ።»

ቢስቅም ሠራልኝ። ፎቁ ለቧንቧ ተብሎ በወለሉ ላይ የተተወ ሰፊ ቀዳዳ አለው። ምድጃውን ከዚያ ሥር፣ ምድሩ ላይ፣ በድንጋይ አስቀመጥነውና ጭስ ማውጫውን በቀዳዳው አሳልፈን እስከ ጣራ ሰደድነው። ዙሪያውን በሽቦ አጥርሁ። ከፎገራ የመጣው የሩዝ ገለባ ወለሉ ላይ ተነጥፏልና አንዲት ፍንጣሪ ብትወድቅ ጉድ ነው። የመጀመሪያው ቀን ቧንቧው በየመጋጠሚያው ተነፈሰና ሁላችንንም አስነጠሰን። አዘዘ ተሳድቦ ደገመው። አሁን ጭስ የለም።

ሙቀቱ ግን አልታዘዘኝም። ለሙከራ ጥቂት ጫጩት አስገባሁ። ምድር ያሉት ከምድጃው አጠገብ አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ። ፎቅ ያሉት ቧንቧው ሥር ተቆልለው ይንጫጫሉ። ከዚያ ወዲያ ያለው ወለል ሁሉ ባዶ ነው፤ ብርድ ነው። ሙቀቱ እንዳይሸሽ ብዬ የደረጃውን አፍ በሸራ ዘጋሁት፤ ባሰበት። እንግዲህ ያንቺ ሦስተኛው ወለል እንዴት እንደሞቀ ጻፊልኝ።

ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ባለ ሦስት ወለል ቤት ያላት ልጅ ለምን እግርሽ ሥር ትተኛለች? ካፖርትስ ለብሳ? ልጄ፣ ዕድሜዬን ንብረት ክፍል ነው የሠራሁት። ወረቀት ላይ ያለውና መጋዘን ውስጥ ያለው ሲለያይ አውቃለሁ።

እናትዓለም


ኖርዌይ፣ ጥር 1 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ እናትዓለም፤

የልደቱን በዓል በሰላም አሳለፉ? በረከቱ ይድረሰን።

አልሞቀም። ሦስተኛው ወለል አልሞቀም፤ ሁለተኛውም። ለእርስዎ የሚሆን መልስ ብፈልግ አጣሁ፤ እውነቱን ልጻፍ።

የምንኖረው ምድር ቤት ነው። ፍራሽ አውርደን ሦስታችንም ከምድጃው አጠገብ እንተኛለን፤ ማብሰልም እዚያው ነው። ሙቀቱ እንዳያመልጥ ወደ ላይ የሚወስደውን የደረጃ በር ዘግተነዋል። በሩን ስከፍተው ብርዱ በደረጃው ወርዶ ቁርጭምጭሚቴን ይይዘኛል። መካከለኛው ቤት ብርጭቆ ውስጥ የተረሳ ውኃ ረግቶ በረዶ ይሆናል። ላይኛው ቤት ለዜማ ብዬ በእጄ ቢጫ ቀለም የቀባሁት ክፍል አለ። ቀለሙ እንደ አደይ ያበራል፤ እስከ ዛሬ አንድ ቀን አልተኛችበትም።

ይትባረክ ባለፈው ሲመጣ ቁጭ ብሎ ቦት ጫማውን እያወለቀ፣ «ሔራን፣ ይህ ቤት የተቀደደ ከረጢት ነው፤ እንጨት ብንጨምር አይሞላም። በረዶው ሲቀልጥ እንሸጠውና ከተማ ትንሽ አፓርታማ እንከራይ» አለኝ። እኔ ጫማውን እንዲደርቅ ምድጃው አጠገብ አስቀመጥኩለት። ሊከራከረኝ እንኳ አልፈለገም፤ ደክሞታል። ሰው ተከራክሮ ሲያሸንፍዎት ይሻላል፣ እትዬ፤ ብርድ ግን ክርክር አያውቅም።

ለእናቴ አይንገሩብኝ። በመንገደኛ ፎቶ ስሰድላት የምሰደው ከውጭ ያለውን ነው፤ በረዶ የተኛበት ጣራ፣ ቀይ ግድግዳ። ያምራል።

ጫጩቶችዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልዎ። ከእኔ የሚማሩት የለም።

ሔራን


ኖርዌይ፣ የካቲት 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

እትዬ እናትዓለም፤

እንደገና የምጽፍልዎት መልስ ስለዘገየብኝ ነው። እዚያ መብራት ጠፍቶ እንደቆየና መንገድም እንደተዘጋ ከአገር ሰው ሰማሁ። እናቴም ስልኳ አይነሣም። ደኅና ነኝ የምትል አንዲት መስመር ብቻ ይላኩልኝ፤ የጫጩቶቹ ነገር ይቅር፣ ስለ እርስዎ ብቻ።

ይትባረክ የጠራው የቤት ደላላ ትናንት መጥቶ ቤቱን ፎቶ አነሣ። ላይኛው ቤት ገብቶ እጁን እያሻሸ ወጣ።

ሔራን


ባሕር ዳር፣ የካቲት 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሔራን፤

እልል በይና አንብቢ! ሁለቱም ደብዳቤሽ ባንድ ቀን ደረሰኝ። እናትሽም እኔም ደኅና ነን፤ መንገዱ ተዘግቶ ደብዳቤ የሚይዝልኝ ሰው አጥቼ ነው የቆየሁ።

አሁን ተቀመጪ። የጥምቀት ሰሞን ነው። መኖ ተሸክሜ ወደ ፎቅ ልወጣ ስል ጉልበቴ አላስችል አለና ሸራውን መልሼ ሳልዘጋ፣ እንደተገለበጠ ትቼው ወጣሁ። ወዲያው የግቢው በር ተንኳኳና በችኮላ ወረድሁ። የእድሩ ሰው ነው፤ ወሬው ረዘመ። ኋላ ሸራው ትዝ ሲለኝ፣ «አለቁ! በብርድ ገደልኋቸው!» ብዬ እየጮህሁ ወጣሁ።

ፎቁ ጸጥ ብሏል። ሳይ ግን ጫጩቶቹ በወለሉ ሁሉ እንደ ተሰጣ እህል ተበትነዋል። አንዱ ይጭራል፣ አንዱ ክንፉን ዘርግቶ ተኝቷል፤ የተቆለለ የለ፣ የሚንጫጫ የለ። ወርጄ ምድሩን አየሁ፤ የሚያለከልክ የለም። ጫጩት አይዋሽም፣ ሔራን። ብርድ ከሆነ ይቆለላል፤ ሙቀት ከበዛ አፉን ይከፍታል፤ ከተስማማው ይበተናል።

ምን እንደሆነ ሊገባኝ አልቻለም። አንዲት ላባ አነሣሁና ከምድጃው በላይ፣ ቧንቧው የሚያልፍበት ቀዳዳ ሥር ለቀቅኋት። ሽው ብላ ወደ ፎቅ ወጣች። ሌላ ላባ ይዤ ሄጄ ደረጃው አፍ ላይ ለቀቅሁ። ደረጃ በደረጃ እየወረደች ምድር ገባች። ያኔ ብቻዬን ሳቅሁ። ለካስ ሙቀቱ መውጫ አልቸገረውም፤ ብርዱ ነው መውረጃ ያጣው! ከላይ ያለው ብርድ ቦታውን ካልለቀቀ ሙቀቱ የት ይግባ? ብርዱ በደረጃው ይወርዳል፣ ምድጃው ያሞቀዋል፣ በቀዳዳው መልሶ ይወጣል። እኔ ሸራ ጋርጄ ቤቱን እስትንፋስ ከልክዬው ኖሯል።

በዚህ ተማምኜ ሁለቱንም ወለል የሚሞላ ጫጩት አስመጣሁ። ጫጩቶቹ በገቡ በማግሥቱ ከቀትር በኋላ መብራቱ ድርግም አለ፤ እንደጠፋም ሰነበተ። በጥር ብርድ! እኔ ምድጃዬን ሞላሁ። ከመራዊ ያስመጣሁት ባሕር ዛፍ ደርቆ እንደ ደወል ይጮሃል። አየር መግቢያዋን ጠበብ አደረግሁና ወንበሬን ስቤ ተቀመጥሁ።

ጀንበር ሳትጠልቅ በሩ ተንኳኳ። ማን መሰለሽ? ባንቺአየሁ ናት፤ ያን የፎቅ ቀልድ መጀመሪያ ያወጣችው ጎረቤቴ። እሷም ጫጩት ታሳድጋለች። ነጠላዋን እንደ ቋት አጥፋ ሙሉ ጫጩት ታቅፋለች፤ እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል።

«እትዬ እናትዓለም» አለች፣ «ተከራይ ይጨምራሉ?»

«ግቢ እንጂ፤ ፎቅ ነው ምድር የምትፈልጊው?» አልኋት። ተቃቅፈን ሳቅን፤ አለቀስን።

ከእሷ በኋላ ሌሎቹ መጡ። በካርቶን፣ በቅርጫት፣ በልጅ ማዘያ። በየጫጩቱ እግር ላይ የየቤቱን ቀለም ያለው ክር አሰርን። እንጨት ያለው እንጨት አመጣ፤ ሴቶቹ ተራ ገብተው እሳቱን ጠበቁ። መብራቱ ተመልሶ እስኪመጣ ድረስ ቤቱ አልቀዘቀዘም። የሞቱብን ሲፈለፈሉም ደካማ የነበሩ ጥቂቶች ብቻ ናቸው። በማግሥቱ አዘዘ መጥቶ ደረጃ ሥር ቆመና ላባ ሲለቅ ዋለ፤ አሁን ሦስት ሰው እንዲህ ያለ ምድጃ አዞታል። «የጫጩት ምድጃ» ብሎ በሩ ላይ ጽፏል!

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። አንቺም ሸራ ጋርደሻል፤ ያንቺው ሸራ በር ነው። እኔ ግን አናጺው ትቶልኝ የሄደ ቀዳዳ ነበረኝ። አንቺ የለሽም። በርሽን ብትከፍቺ ብርዱ በደረጃው ይወርዳል፤ ሙቀቱ ደግሞ በዚያው ደረጃ ልውጣ ይላል፤ አንድ በር ላይ ይጋፋሉ። ስለዚህ፣ የሚያውቅ ሰው ጠይቂና፣ ከምድጃሽ በላይ ወለልሽን ብሽው። ቤት ነው፣ ልጄ፣ ታቦት አይደለም። ደላላው ሳይቀድምሽ ብሽው።

እናትዓለም


ኖርዌይ፣ መጋቢት 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ፣ ለተወደዱ እትዬ እናትዓለም፤

እጅዎን ስሜ ልጀምር። ጣቴ ላይ ፋሻ ስላለ ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ይቅር ይበሉኝ፤ መጋዙ ነው።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ይትባረክ ለረጅም መንገድ በወጣ ሰሞን ነው። መንደሩን እየዞረ ጭስ ማውጫ የሚጠርግ ሰው አለ፤ የየቤቱን እሳትም የሚቆጣጠረው እሱ ነው። ጠርቼ ቤቱን አሳየሁት። ላባውን ስነግረው አልሳቀም፤ ምድር ቤቱ ጣሪያ ላይ በጠመኔ አራት ማዕዘን አሠመረልኝና «ከቧንቧው እዚህ ድረስ ራቂ፣ ይህን ተሸካሚ እንጨት አትንኪ፣ የቀረው የአንቺ ነው» አለኝ። ቀዳዳዎቹ ላይ የሚገጠም የብረት ፍርግርግም ከአሮጌ ዕቃው አምጥቶ ሰጠኝ።

መጋዝ ተውሼ መካከለኛው ቤት ወለል ላይ ተንበረከክኩ። እትዬ፣ የመጀመሪያውን ሳንቃ ስቆርጥ ቤቱ ጮኸ። ዜማ ደረጃው ላይ ቆማ ታየኛለች።

«እማዬ፣ ቤቱን እየገደልሽው ነው?» አለችኝ።

«እንዲተነፍስ አፍንጫ እያወጣሁለት ነው» አልኳት። እኔም ግን እርግጠኛ አልነበርኩም። ካልሠራ ይትባረክ መጥቶ የሚያገኘው የማይሞቅ ብቻ ሳይሆን የተበሳ ቤት ነው፤ ደላላውም ዋጋ ይቀንስበታል። እጄን የቆረጥኩት እሱን ሳስብ ነው።

መካከለኛውን ጨርሼ ላይኛውንም በሳሁ፤ ቢጫው ክፍል ደጃፍ ላይ። ፍርግርጎቹን ገጠምኩ። ከዚያ ወርጄ ምድጃውን ሞላሁና ያንን ዓመቱን ሙሉ የተዘጋ የደረጃ በር ወለል አድርጌ ከፈትኩት። ብርዱ እንደ ጎርፍ ወረደ። ዜማ እየተንቀጠቀጠች ተጠጋችኝ፤ «ዝጊው» አለችኝ። ልዘጋው እጄ ሄዶ ነበር። ትራሴን ቀድጄ አንድ ላባ ሰጠኋት። ከምድጃው በላይ ለቀቀችው። ወጣ! በፍርግርጉ መካከል ሹልክ ብሎ ሄደ። እየጮኸች በደረጃው ተከተለችው፤ መካከለኛው ቤት ላይ አገኘችውና እንደገና ለቀቀችው፤ ቢጫው ክፍል ድረስ ሄደላት።

ወዲያው አልሞቀም። ግድግዳው ራሱ እስኪሞቅ ቆየ። በማግሥቱ የመካከለኛው ቤት መስኮት ላይ የተጋገረው በረዶ ከውስጥ በኩል ማልቀስ ጀመረ። ከዚያ የላይኛው ተከተለ። ፍራሾቹን አንድ በአንድ ወደ ላይ ጎተትን። ዜማ በራሷ አልጋ፣ በራሷ ክፍል፣ በቀጭን የሌሊት ልብስ ተኛች። ብርድ ልብሷን በእግሯ ገፍታ ስትጥለው ቆሜ አየሁ። ከዚህ የሚበልጥ ምን አለ!

ይትባረክ የመጣው ቅዳሜ ቀትር ላይ ነው። አልነገርኩትም ነበር። በጓንት፣ በኮፍያ፣ በወፍራም ካፖርት ምድር ቤት ገባ፤ ፍራሾቹ የሉም። «ሔራን?» ብሎ ተጣራ። «ላይ ነን» አልኩት። ደረጃውን ሲወጣ እየሰማሁት ነው። መካከለኛው ቤት ሲደርስ ቆመ፤ ጓንትና ኮፍያው ወለሉ ላይ ወደቁ። ፍርግርጉን አየው መሰለኝ፣ በጫማው ጫፍ ሲነካው ሰማሁ። እንደገና ወጣ። ቢጫው ክፍል በር ላይ ሲቆም ካፖርቱ በክንዱ ላይ ነው፤ ሹራቡን በራሱ ላይ እየገፈፈ ነው። ፊቱ ቀልቷል። እኔን አየ፣ ፋሻውን አየ፣ ወለሉ ላይ የምትጫወተውን ልጁን አየ።

ምን ሊል ነው ብዬ ተነሣሁ።

«መስኮቱን ትንሽ ክፈቺው» አለ፤ «ሞቀኝ።»

እትዬ እናትዓለም፣ ይህ ቃል በዚህ ቤት ውስጥ ሲነገር የመጀመሪያው ነው! መስኮቱን ከፈትኩ፤ እሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ በሸሚዝ ብቻ ሳቀ፤ ሲስቅ ካየሁት ቆይቶ ነበር። ሰኞ ጠዋት ለደላላው ስልክ የደወለው ራሱ ነው። «ቤቱ አይሸጥም» አለው። ደላላው ምክንያቱን ጠየቀው መሰለኝ፣ «ሚስቴ ስለበሳችው» ብሎ ዘጋበት።

ለእናቴ አሁን ይንገሯት። ሁሉንም ይንገሯት።

ልጅዎ ሔራን


ባሕር ዳር፣ ሚያዝያ 15 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጀግናዋ ልጄ ለሔራን፤

እጅሽን ማርያም ትማርልሽ፤ ሁለተኛ ስትቆርጪ ባልሽን አታስቢ።

ደብዳቤሽ የመጣው ሴቶቹ ሁሉ እኔ ግቢ በተሰበሰቡበት ቀን ነው። ለፋሲካ ገበያ ያደረሱትን ጫጩቶች የዱርቤቴ ገበሬዎች በአይሱዙ መጥተው እየጫኑ ነበር። እናትሽም አለች። ብቻዬን ላነበው ብል ባንቺአየሁ አልለቅም አለችኝ፤ ደረጃው ላይ ቆሜ ጮክ ብዬ አነበብሁላቸው። መጋዙ ጋ ስደርስ እናትሽ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ላባው ሲወጣ ገበሬዎቹ ጭነታቸውን ትተው ቀረቡ። ባልሽ ካፖርቱን ይዞ በር ላይ ሲቆም ግቢው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። «ሞቀኝ» ስል እናትሽ ነች የጀመረችው፤ ከዚያ ሁሉም ተቀበላት። እልልታው እስከ ሐይቁ ድረስ ተሰማ! አይተውት የማያውቁት አገር፣ ገብተውበት የማያውቁት ቤት፣ የሠርግ ያህል እልል ተባለለት።

ጫጩቶቹ እልልታ መች ያውቃሉ፤ ካርቶኖቹን ገልብጠው በግቢው ተበተኑ። ገበሬዎቹ፣ ሾፌሩ፣ እናትሽ፣ እኔ በዚህ ጉልበቴ፣ ሁላችንም እየሳቅን ስናባርር ዋልን።

እናትዓለም